ጺርል ኦሪት ያስቆመችበት ሰንበት

ከመዳፍ የማይበልጥ የቡትቶ ቁራጭ ስጧት፤ ጺርል ለብሶት የነበረውን ሰው ትነግራችኋለች። እኔ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ማመን የማይፈልግ ይተወው። አንድ ማለዳ ከጀርመን በኩል በባቡር ከመጣ የቡትቶ እስር ውስጥ የግራጫ ኮት ግራ እጅጌ መዘዘች፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋችውና «ይሄ ሰውዬ ጸሐፊ ነበር። ግራኝ ነው። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች» አለችኝ። ሳቅሁባት። እሷ ሳትቆጣ እጅጌውን ፊቴ ዘረጋችው።

«ክርኑ ከጠረጴዛ ጋር ተፋትጎ አብረቅርቋል፣ ታያለህ? ጫፉ ደግሞ ቀለም ጠጥቷል። ይቺን ቀዳዳ የጣፈችው ሴት ናት፤ ስፌቷን እየው፣ በዓይን አይያዝም። ይቺኛዋን ግን ራሱ ነው የሰፋት፤ በግራጫ ኮት ላይ በጥቁር ክር። ምስኪን።»

ከዚያ እጅጌውን ወደ ግራጫው ቅርጫት ወርውራ ቀጣዩን አነሳች። ዘጠኝ ዓመት ትይዩዋ ተቀምጬ ቡትቶ ስለይ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። አንድም ቀን ግን አልለመድኩትም።

ከተማችን ዶልኒክ ፖላንድ ውስጥ ከቢያሊስቶክ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ነች፤ የምትኖረውም በቡትቶ ነው። ሌላው ዓለም ለብሶ የጣለው ሁሉ በእስር በእስር ሆኖ እኛ ዘንድ ይመጣል። እኛ ሱፉን ከጥጡ፣ ጥቁሩን ከቡናማው እንለያለን፤ የተለየው ወደ ተኩላው ይወርዳል። ተኩላው የምንለው በአሠሪያችን በሬብ ኢሰር (ሬብ እንደ አቶ ነው) ፋብሪካ ምድር ቤት ያለውን መዘንጠያ ማሽን ነው፤ ሺህ የብረት ጥርስ አለው፤ የቀመሰውን ሁሉ መልሶ ተራ ሱፍ ያደርገዋል። ያ ሱፍ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ አዲስ ካፖርት ነው ተብሎ ለድሃ ይሸጣል። ገና ሳይገዛ ያረጀ ልብስ የፈለገ ዶልኒክ ይሂድ ይሉን ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ጺርል ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጣቶቿ ወፋፍራም የሆኑ ሴት ናት። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ የፋብሪካው ብናኝ ሳንባውን በልቶት ከሞተ ወዲህ ምኩራብ ረግጣ አታውቅም። ፈጣሪ የለም የሚሉት ወጣቶች «አክስቴ ጺርል፣ አንቺም እንደ እኛ ነሽ ማለት ነው?» ይሏታል።

«እናንተ የለም ትላላችሁ። እኔ ተኳርፌ ነው። የሌለን ደግሞ ማን ያኮርፋል?» ትላቸዋለች።

ወጣቶቹ ስል የካልማንን ሰዎች ማለቴ ነው። ካልማን የከተማችን ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ ዋርሶ ሄዶ ሥዕል ተምሮ፣ ጉልበቱ ድረስ የሚንዘላዘል ቀይ የአንገት ልብስ ጠምጥሞ ተመለሰ። ከጨው ዓሣ መሸጫው በላይ ባለው የሠራተኛ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ የአሻንጉሊት ቲያትር ከፈተ። በእጅ የሚለበሱ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ጭንቅላታቸውን በጋዜጣና በሙጫ የሚሠራው ራሱ ካልማን ነው። ባለፋብሪካውን፣ ፖሊሱን፣ ሚኒስትሩን፣ ራቢውን በይዲሽ፣ በእኛ በአይሁዶቹ ቋንቋ፣ ያለፋልፋቸዋል፤ ሠራተኛው በሳቅ ይፈርሳል። አዳራሹ መቶ ሰው ይይዛል፤ የዓሣው ሽታ በነፃ ነው። ኪነ ጥበብ የሠራተኛው መሣሪያ መሆኑን ካልማን በየቀኑ ይነግረን ነበር። ልጁ መልካም ነው፤ ትንሽ ንግግር ያበዛል እንጂ።

ጺርል መጀመሪያ ልታይ የመጣች ዕለት፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ ዘው ብላ ገባች።

«ጭንቅላታቸው ጥሩ ነው። ሆድ ግን የላቸውም» አለችው።

«ጓድ፣ አሻንጉሊት ሆድ አያስፈልገውም። እጅ ነው የሚገባበት» አለ ካልማን።

«ጓድህ አይደለሁም፣ አክስቴ በለኝ። ሆድ የሌለው ሰው በምኑ ይራባል? ወዲህ አምጣቸው።»

አሥራ አንዱንም በጆንያ ከታ ወሰደቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ስትመልሳቸው እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ደነገጥኩ ብል ማጋነን አይደለም። ከፋብሪካው የወለል ጥራጊ ሰውነት ሠርታላቸዋለች። ፖሊሱ በእርግጥ የፖሊስ ካፖርት ቁራጭ ለብሷል፤ ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋ አንድ ጎኑ ዘመም ብሏል፤ ባለፋብሪካው ሰባት ጊዜ የተገለበጠ ኮሌታ አለው። ሁሉም ከፊት በኩል ሆድ አላቸው፤ ጠንከር ብሎ የተሞላ፣ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ። እጅ ከኋላ ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሻንጉሊቶቹ መቀመጥ ቻሉ፤ ጎንበስ ብለው መተንፈስ ቻሉ። ሕዝቡ ድሮ የሚስቅበት ቦታ ላይ ዝም ማለት ጀመረ። ሆዳቸው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። ጨርቅ ነዋ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

አንዱን ራሷ ታናግረው ነበር። ኖቴ ይባላል፤ በየመንደሩ እየዞረ ቡትቶ የሚሰበስብ ሽማግሌ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ብቻውን ይወጣና ሕዝቡን ቀና ብሎ አይቶ «የበረደው ማነው?» ይላል። አዳራሹ ሙሉ «እኛ» ብሎ ይመልሳል። ትዕይንቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጺርል ስትናገር አትጮህም፤ ግን መጨረሻ ወንበር ላይ ያለ ሰው እንኳ ለእሱ ብቻ የተነገረ ነበር የሚመስለው።

እኔስ? እኔ መጋረጃ ሳቢ ነኝ። ኦሸር እባላለሁ፤ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የሦስት ልጆች አባት። አንዴ ካልማን አንዲት ቃል ሰጥቶኝ ነበር፤ በሩን ከፍቼ «ፖሊስ» ማለት ብቻ ነው። በሩን ከፈትኩ፤ ሰዉን አየሁት፤ ምላሴ ተሳሰረ፤ በሩን መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ገመዴን ይዤ ቁጭ ነው።

ቲያትሩ በተከፈተ በስድስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1934 መገባደጃ፣ ሐሙስ ምሽት ልምምድ ላይ ሳለን ሬብ ኢሰር ከነፎርማኑና ከሁለት ተሸካሚዎቹ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ሬብ ኢሰር የፋብሪካው ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የትልቁ ምኩራብ አለቃም እሱ ነው። የጨርቅ ጥራት ከመዳሰሱ በፊት፣ ገጽም ከመግለጡ በፊት ጣቱን ይልሳል። የእኛም ባለፋብሪካ አሻንጉሊት ይልሳል። የካልማን ፈጠራ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ወደደው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ መንገድ ላይ ጣታቸውን ይልሱ ጀመር።

ሬብ ኢሰር አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። «ይሄ ጨርቅ የማነው?» አለ።

«የወለል ጥራጊ ነው፣ ሬብ ኢሰር» አለች ጺርል።

«ወለሉስ የማነው?»

ለዚህ ጥያቄ ካልማን የሁለት ሰዓት መልስ ነበረው፤ አፉንም ከፍቶ ነበር። ተሸካሚዎቹ ግን ሳጥኑን አንስተዋል።

«ትናንት የልጅ ልጄ ኦሪት ሲያነብልኝ ጣቱን እየላሰ ገጹን ገለጠ። እየሳቀብኝ» አለ ሬብ ኢሰር። «የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እሑድ ጠዋት ተኩላው ሲነሳ መጀመሪያ የሚቀምሰው እነዚህን ነው።»

ከወጣ በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። አንዱ ሰልፍ እንውጣ ይላል፤ ሌላው ለዋርሶ ጋዜጣ እንጻፍ ይላል፤ ጋዜጣው ቶሎ ቢወጣ የሚወጣው ማክሰኞ ነው። ጺርል ብቻ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ያቺን ሴት ከዚያ በፊት ፈርታ አይቻት አላውቅም።

«ተኩላው አይበላቸውም» አለች ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ «ቅዳሜ ምኩራብ እሄዳለሁ» አለች።

«ምኩራብ?» አለ ካልማን። «ጓድ ጺርል፣ ይሄ እኮ ማፈግፈግ ነው። ኢሰር ቤት ሄደሽ ኢሰርን ልትለምኚ?»

«ማን ልለምን አለ? ኦሪቱን አስቆማለሁ።»

ካልማን አልገባውም፤ እኔ ግን ገባኝ። በእኛ ዘንድ የተበደለ ሰው፣ ድሃም ይሁን ሴት፣ ቅዳሜ ኦሪቱ ሊነበብ ሲል ተነስቶ ማስቆም ይችላል። ፍርድ እሰጣለሁ የሚል ቃል እስኪያገኝ ድረስ ማኅበሩ በሙሉ ተገትሮ ይጠብቃል። አባቴ አንዴ አይቻለሁ ብሎ አውርቶልኛል። እኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

«የጥንት ነገር ነው» አለ ካልማን። «ማን ይሰማሻል?»

«ይሄ አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል?»

«መቶ።»

«ትልቁ ምኩራብ ስድስት መቶ ይይዛል፤ የሴቶቹን ሰገነት ሳትቆጥር። መብራቱም ከእናንተ ይሻላል።»

ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን። ካልማን ከነቀይ የአንገት ልብሱ በሩ ጋ ተገትሮ ቀረ፤ ኮፍያ ያላደረገ መሆኑን ያየ አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይለው የራሱን ትርፍ ቆብ አናቱ ላይ ደፋለት። ጸሎቱ ተጀምሮ እስኪጋመስ ጺርል ሰገነቱ ላይ መኖሯን እንኳ አላወቅንም። የኦሪቱ ጥቅልል ወጣ፤ በሰዉ መሃል ዞሮ ተሳለመ፤ መድረኩ ላይ ተዘረጋ። ሬብ ኢሰር የንባቡን የብር መጠቆሚያ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ደረጃ የእንጨት ጫማ ድምፅ ሰማን፤ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በወንዶቹ መሃል አለፈች። ማንም አልነካትም፤ ሁሉም መንገድ ለቀቀ። የመድረኩን ሦስት እርከን ወጥታ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና «ዛሬ አይነበብም» አለች።

በኖቴ ድምፅ ነበር የተናገረችው፤ በዚያ በማይጮኸው። ስድስት መቶ ሰው ሰማት።

«አውርዷት እንጂ» አለ አንድ ባለሱቅ።

«መብቷ ነው» አለ አብርሃም ሌይዘር የሚባል ከፊት የተቀመጠ የዘጠና ዓመት ጫማ ሰፊ። «አርባ ዓመት ሆነው እንጂ በዚሁ ቤት ሲደረግ አይቻለሁ። ቁጭ በል አንተ። አያትህም ያኔ እንዲሁ ሲንጫጫ ነበር።»

ሰውየው ቁጭ አለ። ራቢያችን፣ ቀጭንና ሳላም ሽማግሌ ናቸው፣ በምሥራቁ ግድግዳ ካለው መቀመጫቸው ሆነው «ተናገሪ» አሏት።

«ሬብ ኢሰር አሥራ አንድ ሰው ወሰደብኝ። ነገ ለተኩላው ሊሰጥብኝ ነው።»

«አሻንጉሊት ነው» አለ ሬብ ኢሰር። «ከእኔ ጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት፤ የሃይማኖት የለሾች መሳለቂያ። ንብረቴ ነው።»

«ንብረትህ ነው እሺ። ሆዳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ታውቃለህ?»

«ቡትቶ ነዋ። ምን ይኖራል?»

«የጸሎት ኩታ ነው» አለች።

እሷ ቀጠለች፤ እኔ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እስር ስፈታ ኖሬያለሁ። የሞተ ሰው ቤት ሲጸዳ ሁሉን ጠቅልለው ለቡትቶ ሰብሳቢ ይሰጡታል፤ እሱም አይለይም። ከመቶ እስር በአንዱ ኩታ ይወጣል፤ ከነጥቁር መስመሩ፣ ከነዘርፉ። ሱፉ ጥሩ፣ ቀለሙ ነጭ። ፎርማኑም ነጭ ሱፍ ነው፣ ወደ ተኩላው ይውረድ ይላል። እኔ ከላይኛው ጋር ተኳርፌያለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሱም ያውቃል። ኩታው ግን ምን በደለኝ? ትከሻው ላይ ያለውን መሳሳት ሳይ ሰውየው ስንት ዓመት እንደጸለየበት አውቃለሁ። አንዱ ጫፉ በእንባ ይሁን በአክታ እንጃ፣ ደንድሯል። ይሄን እንዴት ጥርስ ውስጥ ልክተት? ደረቴ ውስጥ ደብቄ አወጣሁት። ቤቴ ሞላ። ለእናንተ ባመጣው ከየት አመጣሽ፣ ሌባ ትሉኛላችሁ። ስለዚህ በአሥራ አንዱም ሆድ ውስጥ ሰፋሁት። ሆድ ይፍጀው ብዬ። በሉ እንግዲህ፣ ነገ ለሚበላው ኩታ ዛሬ ኦሪት አንብቡለት።»

ዙሪያዬን አየሁ። ወንዱ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የለበሰውን ኩታ ዘርፍ ጨብጧል። ማንም እንዲጨብጥ ያዘዘው የለም። ሬብ ኢሰርም የብር መጠቆሚያውን አስቀምጦ የራሱን ይዞ ነበር፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አምላክን ስጠራጠር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ትልቅ ነገር ፊት መቆሜን አውቄያለሁ፤ ያ ትልቅ ነገር ደግሞ ቡትቶ ለቃሚዋ ጺርል ነበረች።

«ሬብ ኢሰር» አሉ ራቢው። «ነገ ማለዳ ማሽኑ አይነሳም። ሳጥኑን ይዘህ እኔ ዘንድ ትመጣለህ። ቃል ስጥ።»

«ቃሌ ነው» አለ።

ጺርል መዳፏን ከጠረጴዛው አነሳች። «አንብቡ» ብላ በመጣችበት ደረጃ ተመልሳ ወጣች። ካልማን በሩ ጋ በሰው ቆብ ቆሞ ያለቅሳል።

«ኦሸር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በራቢው አሻንጉሊት ስንስቅ እኮ ከውስጥ ኩታ ነበረው» አለኝ። ቀጥሎም «እኔ መድረክ አውቃለሁ ብዬ ነበር» አለ።

እሑድ ማለዳ በራቢው ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ምድጃው አልተቀጣጠለም፤ ራቢው እንጨታቸውን ለድሃ እየሰጡ እሳቸው በካፖርት መቀመጣቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፈተ። ሬብ ኢሰር ቢላ ቢያቀብል ጺርል «አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ እፈታዋለሁ» ብላ የኖቴን ሆድ በጥፍሯ ስፌት በስፌት ፈታችው። ነጭ ሱፍ ብቅ አለ፤ ከዚያ ጥቁር መስመር፤ ከዚያ ተጠቅልሎ የተኛ ዘርፍ። ራቢው በሁለት ጣታቸው ነኩት። ሬብ ኢሰር ሳይጋበዝ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ወደ ተኩላው አይሄዱም፤ ይሄ አለቀ» አሉ ራቢው። «አሁን ሌላ ጥያቄ አለብኝ። ያረጀ ኩታ ለውርደት አይውልም። በዚህ ነገር በዚያ ዓሣ ቤት የምታደርጉትን ሰምቻለሁ። ውርደት ከሆነ በሥርዓታችን ከሚቀበሩት አሮጌ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር መቃብር ነው ቦታቸው። እኔም አለሁበት ይባላል።»

«አሉበት» አለች ጺርል።

«ክፉ ነኝ?»

«አንዳንድ ቀን።»

ራቢው ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ አወጡ። «አሳዪኝ» አሉ።

ጺርል ሆዱን እዚያው መልሳ ሰፋች፤ ቸኩላ አይደለም፤ ሁላችንም ጠበቅናት። ከዚያ እጇን ኖቴ ውስጥ ከተተችና ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ በቀዝቃዛ ወለል ላይ። ኖቴ በጠረጴዛው ጠርዝ ብቅ አለ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ያልተቀጣጠለውን ምድጃ አየው፤ መጨረሻ ራቢውን ቀና ብሎ አያቸው።

«የበረደው ማነው?» አለ።

ራቢው ጺርልን አላዩም፤ እሱን ነበር የሚያዩት፣ ሰው እንደሚያዩ። «እኔ» አሉ።

ኖቴ የራሱን ካፖርት አወለቀ፤ ከመዳፍ የማትበልጥ ካፖርት ናት። በሁለት እጁ ይዞ ተንፏቀቀና በራቢው ጣት ላይ አለበሳት። ከዚያ ወደ ሬብ ኢሰር ዞሮ «አንተስ?» አለው። ሬብ ኢሰር ዓይኑን ከኖቴ ላይ ማንሳት አልቻለም።

ራቢው ጣታቸውን ካፖርት እንደለበሰ ይዘው ፍርዳቸውን ሰጡ። «ይሄ ውርደት አይደለም። እስከተናገሩ ድረስ ሕያዋን ናቸው፤ ውሰጂያቸው። ዝም ያሉ ቀን ግን ኩታው ለመቃብር ነው። ትስማሚያለሽ?»

«እስማማለሁ» አለች ከጠረጴዛው ሥር።

«ራቢ፣ ያ እኔን የሚመስለውስ?» አለ ሬብ ኢሰር።

«ይመስልሃል?»

«ጣቱን ይልሳል።»

«እንግዲያው መላሱን ተዋ» አሉት።

ሬብ ኢሰር ጨርሶ ክፉ ሰው ነበር አልልም። በዚያው ሳምንት መለያው ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው ሳጥን አስቀመጠ፤ ኩታ ያገኘ እዚያ ይክተት፣ ምኩራቡ ይቀብረዋል ተባለ። ነገር ግን ስድስት መቶ ሰው ፊት ያፈረ ሰው ነው። ጺርልን አላባረራትም፤ ከመስኮቱ ጠረጴዛ አንስቶ ምድር ቤት፣ ቡትቶው የሚታጠብበት ውሃ ውስጥ አስገባት። ለዚህ አልማርኩትም፤ አልምረውም። እሷ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስጠይቃት «አሥራ አንዱንም ወስጃለሁ ኦሸር፤ እሱ ደግሞ ወንበሬን ወሰደ። ማን የከሰረ ይመስልሃል?» አለችኝ።

ሁለት ክረምት አዳራሹ ሰው አልበቃውም። በሕይወታቸው ቲያትር ያላዩ ሽማግሌዎች የጨው ዓሣ እየሸተታቸው ይቀመጡ ነበር። የራቢው አሻንጉሊት ሲወጣ አንዳንዶቹ ብድግ ይሉለታል፤ ካልማን መጀመሪያ ይናደድ ነበር፤ በኋላ ለራቢው ጥሩ ጥሩ ንግግር ይጽፍለት ጀመር። በሦስተኛው ክረምት መባቻ የምድር ቤቱ እርጥበት ጺርልን ደረቷን ያዛት። ቲያትሩ ቆመ። ኖቴን ሌላ ሰው ይዞት ይውጣ ሲባል ማንም አልደፈረም፤ ያለ ኖቴ ደግሞ መጋረጃው አይከፈትም። ሦስት ወር ሙሉ አሥራ አንዱም ሳጥን ውስጥ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ጺርል ሞተች።

የቀብር ማኅበሩ ሰዎች ሁለት ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አንድ ለእሷ፣ ከጎኑ አንድ ትንሽ ለአሥራ አንዱ አሻንጉሊቶች። የራቢው ፍርድ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ራቢውም ታመው ተኝተዋል እንጂ ቢመጡ ያው ነበር የሚሉት። ካልማን ማታውን ሲከራከራቸው አመሸ።

«ልብ የላችሁም» አላቸው።

ቀባሪው፣ ዩድል የሚባል ትልቅ ሰው ነው፣ «ልጄ፣ ይናገራሉ?» ብሎ ጠየቀው። ካልማን ጠዋት ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ።

ምድሩ በረዶ ነበር። ግማሹ ከተማ መጥቷል። ጺርልን አወረድናት፤ አፈር አለበስናት፤ ጸሎቱ አለቀ። ዩድል ወደ ትንሿ ጉድጓድ ዞሮ እጁን ዘርግቶ ሳጥኑን ጠየቀ። ካልማን ክዳኑን ከፍቶ ለመጨረሻ ጊዜ አያቸው። እኔም አየሁ። ኖቴ ከላይ ተኝቷል፤ ካፖርቱን ለብሷል፤ ሆዱ ላይ ያ የችኮላ ያልሆነው ስፌት አለ። ይቺን ቀዳዳ የሰፋችው ሴት ናት፣ ብዬ አሰብኩ።

እጄ ቀድሞኝ ሄደ። እስከ ዛሬ እኔ ነኝ ያደረግኩት ለማለት እቸገራለሁ። ከኋላ በኩል ገባሁ፤ የእሷ ጣቶች ያሰፉት ጨርቅ ለእኔ ሰፋኝ። አነሳሁት። መድረክ ላይ ቃል የማይወጣኝ እኔ፣ አንዲት «ፖሊስ» ያቃተችኝ እኔ፣ ያን ሁሉ ሰው አየሁት፤ ምላሴም እንደ ልማዷ ተሳሰረች። በመዳፌ ሆዱ ተሰማኝ፤ ጠንካራ ነው፤ ከባድ ነው። ኖቴ ቀና አለ።

«የበረደው ማነው?» አልኩ።

የእሷ ድምፅ አልነበረም። ተሰብሮ፣ ቀጥኖ ነው የወጣው። ማንም አልመለሰም። ቁልቁል ልመልሰው ስል ዩድል አካፋውን ተደግፎ በአፍንጫው ትንፋሽ አወጣ።

«እኔ» አለ።

ከዚያ ካልማን «እኔ» አለ። ከዚያ ያ አብርሃም ሌይዘር፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ማን ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ዩድል አካፋውን አነሳና ትንሿን ባዶ ጉድጓድ መድፈን ጀመረ።